የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ማገርና ወራጅ፦ መሰናክልን ከደንብ ስለ መሥራት

ብራና፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መልእክትና ስለ ዘመኑ ብዙ ተጽፏል። እዚህ ማንሣት የምፈልገው አሠራሩን ነው፤ አናጺ ሌላ አናጺ የሠራው ቤት ሲገባ ቀና ብሎ ማገሩንና ወራጁን እንደሚያየው።

ጥያቄዬ ስለ አጀማመሩ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የወጣ፣ ከ500 ገጽ የሚያልፍ ነው። ፍቅረኞቹ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ከመተያየታቸው በፊት ጎጃም ውስጥ ማንኩሳ ላይ የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ትዳር እናያለን፤ በዛብህን ሲወልዱ፣ ልጁ አድጎ የቤተ ክህነት ትምህርት ሲገባ እንከተለዋለን። ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር ግን «ታሪኩን ከግጭቱ አፋፍ ጀምር» የሚል ነው። ታዲያ እዚህ ለምን አልሰለቸንም? ዛሬ አንድ ሰው ይህን አጀማመር ተከትሎ ሲጽፍ የሚወድቅበትስ ለምንድን ነው?

ዋሸራ፦
የወላጆቹ ታሪክ መግቢያ ስላልሆነ ነው። የራሱ ጥያቄ አለው። ትዳሩ ይጸና ይሆን? ልጁ ይተርፍ ይሆን? አንባቢ ይህን ለማወቅ ይገፋል፤ መልሱን ሲያገኝ ግን ከመልሱ ጋር ዕዳም ይረከባል። ዕዳው ብፅዓቱ ነው፦ ልጁ ከተረፈ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል፣ ሚስት አያገባም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የዚያ ቃል ወለድ ነው።

ልብ ልንለው የሚገባው ብፅዓቱ የገባበት መንገድ ነው። ክፉ ሰው አልጫነውም። ልጅ እንዳይሞትባቸው የሚጸልዩ ወላጆች በፍቅር የገቡት ቃል ነው፤ አንባቢም አብሮ «አሜን» ብሎ ይቀበለዋል። ያው ቃል ከብዙ ገጽ በኋላ የልጁን ጉሮሮ ሲያንቅ የምንወቅሰው ሰው እናጣለን። ሐዘኑ የሚከብደው በዚህ ነው።

ጀማሪ ተገላቢጦሹን ይሠራል። ፍቅሩን ያስቀድምና መሰናክሉን በኋላ ይፈልግለታል። መሃል ላይ ሲደርስ ታሪኩ ይቀዘቅዝበታል፤ ያኔ መኪና ያስገጫል፣ በሽታ ያመጣል፣ ከውጭ አገር የገባ ሀብታም ሙሽራ ይጨምራል። እነዚህ ከታሪኩ አልበቀሉም፤ ከደራሲው ጭንቀት የመጡ ናቸው፤ አንባቢም ያውቅበታል።

መፈተኛው ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹን 30 ገጾች ያዙና ይህን ዓረፍተ ነገር ሙሉ፦ «እዚህ ውስጥ እገሌ እንዲህ ያለ ቃል ገባ (ወይም ዕዳ ተሸከመ)፤ ስለዚህ በኋላ እንዲህ ማድረግ አይችልም»። ዓረፍተ ነገሩ ካልተሞላ ገጾቹ መረጃ ናቸው። ቆርጣችሁ አውጡ፤ ከውስጣቸው የግድ የሚፈለገውን ሁለት ሦስት ነገር ብቻ ኋላ ላይ በምልሰት አስገቡት።

ቀሰም፦
ዋሸራ ባነሣው ላይ ልጨምር። ብፅዓቱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ታሪኩ 500 ገጽ አይሸከምም ነበር። ሐዲስ ሦስት ደንብ ነው ያነባበሩት። አንዱ ብፅዓቱ፣ ሁለተኛው የዘር ነገር፣ ሦስተኛው የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት፤ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ሲያማርጡ የሰብለ ዕድሜ ያልፋል። ሦስቱ ያሉት በሦስት የተለያየ ቦታ ነው፦ አንዱ በበዛብህ ኅሊና፣ አንዱ በአገሩ ሁሉ አፍ፣ አንዱ በአንድ አባት ልብ። አንዱ ላላ ሲል ሌላው ይጠብቃል። መሰናክሎቻችሁ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ከሆኑ ግን ያ ሰው ሐሳቡን በለወጠ ቀን ታሪኩ አለቀ።

ከዚህም በላይ የሚደንቀው ያው የሚከለክል ደንብ በር መክፈቱ ነው። የባላባት ልጅ እንደ ወንዶቹ ከቤት ወጥታ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው እየዞረች አትማርም፤ ስለዚህ መምህሩ ወደ እሷ ይመጣል። ለዚያ የሚታጨው ደግሞ የተማረ የቤተ ክህነት ሰው ነው፤ ማለትም እንዳያገባ ቃል የተገባበት ሰው ራሱ። በአጋጣሚ አልተገናኙም፤ ያገናኛቸው ደንቡ ነው። በኋላም ሰብለ ከአባቷ ቤት ስትጠፋ እንደ መነኩሴ ለብሳ ትጓዛለች። ምንኩስናን የሚያከብር አገር መነኩሴን መንገድ ላይ አቁሞ አይመረምርም። ፍቅረኛዋን የነፈጋት ክብር መንገዱን አሳለፋት።

ይህን ለመለማመድ አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ የታሪካችሁን ደንቦች ጻፉ፤ አምስት ከበቂ በላይ ነው። በቀኝ ያ ደንብ ለማን፣ መቼ፣ የትኛውን በር እንደሚከፍት ጻፉ። ቀኙ ባዶ የቀረ ደንብ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ እየመጡ ይጋጩበታል እንጂ ታሪክ አይወልድም።

እንዝርት፦
ሁሉም ጥሩ፤ መጨረሻውስ? በዛብህን ወንበዴዎች ያቆስሉታል፤ ሰብለም የምታገኘው በሞት አፋፍ ላይ ነው። ይህ ከየትኛው ደንብ በቀለ? ጀማሪን «መኪና አታስገጭ» ካልን ሽፍታ ማምጣትም ያው ነው።

ዋሸራ፦
እንዝርት፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው፤ በአንድ ቃል የሚመለስም አይደለም። ድንገቴ መሆኑን አልክድም። ግን ሁለት ነገር ይሸከመዋል።

የመጀመሪያው መንገዱ ነው። ከጎጃም ወደ ሸዋ የሚሻገር ሰው የዓባይን በረሃ መውረድና መውጣት አለበት፤ ወዲያ ደጀን፣ ወዲህ ጎሐ ጽዮን። ከአዲስ አበባ የሚመለስና ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በዚያ መስመር ላይ ቢገናኙ አንባቢ አይጠራጠርም። አዲስ አበባ ገበያ መሃል ቢገጣጠሙ ኖሮ ግን «እንዴት ሆኖ?» ይል ነበር። መልክዐ ምድሩ ለሴራው ምስክር ሆኖ ቆመለት። ድንገተኛ ግንኙነት የግድ ከሆነባችሁ መጀመሪያ መንገዱን አጥብቡት፦ አንድ ድልድይ፣ አንድ የአውቶቡስ መናኸሪያ፣ አንድ ጠበል።

ሁለተኛው ድንገቴው ለማን እንደሚያደላ ነው። ገጸ ባሕርይን ከችግር የሚያወጣ ድንገቴ አንባቢን ያስቆጣዋል፤ ችግሩን የሚያከብድን ግን ይታገሠዋል፤ ሕይወትም እንዲህ ናትና። ለጀማሪ ልኩን ልንገር ካልሽኝ፦ በአንድ ልብ ወለድ አንድ ድንገቴ፣ እሱም ሁለት ጊዜ ንግር (የሚመጣውን ቀድሞ የሚጠቁም ፍንጭ) ተዘርቶለት። አንዴ በሰው ወሬ («በዚያ በኩል መንገዱ ደኅና አይደለም»)፣ አንዴ በዓይን በሚታይ ምልክት። ሦስተኛው ላይ ነገሩ ይድረስ። ከሁለት በላይ ከተዘራ አንባቢ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ጭራሽ ካልተዘራ ከሰማይ የወረደ ይመስላል።

እንዝርት፦
የመንገዱን ነገር ተቀብያለሁ። ሽፍቶቹን ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተቀበልኳቸውም። ያን ያህል ደንብ ያነባበረ ደራሲ የመጨረሻውን ምት ከዚያው ከደንቡ ቢያመጣው ይበልጥ በጠነከረ ነበር።

ድጓ፦
ስለ ጉዱ ካሣ ማንም አላነሣም። የደራሲው አፍ የሚሆን ገጸ ባሕርይ ብዙ ጊዜ ታሪክ ይገድላል፤ እየወጣ ይሰብካል፣ ሌሎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡታል። ካሣ ከዚህ የተረፈው ሲናገር ዋጋ ስለሚከፍል ነው። ሥርዓቱን የሚነቅፈው ከውጭ ቆሞ አይደለም፤ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነው፣ የሚናገረው ስለ ገዛ ወገኖቹ ነው። አገሩ ያወጣለት ቅጽል ስሙ ቅጣቱን ይዞ ይዞራል፦ «ጉዱ»። እብድ ስለተባለ እውነቱን ሊናገር ይችላል፤ እብድ ስለተባለ ደግሞ የሚሰማው የለም። አንድ ስም እንዲህ ሁለት ሥራ ሲሠራ ማየት ትልቅ ትምህርት ነው። በዚያ ላይ ተናግሮ አይቀመጥም፤ ፍቅረኞቹን ይረዳል፣ በተግባር ይገባበታል።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ የካሣን የንግግር ርዝመት ለዛሬ ጸሐፊ አልመክርም። ሳይቋረጥ ከ120 ቃል፣ ማለትም ከግማሽ ገጽ ገደማ በላይ የሚናገር ገጸ ባሕርይ ካለ አንድ ነገር ይቋረጥበት፦ አድማጩ ይቃወም፣ ቡና ይቅረብ፣ ሰው ይግባና ወሬው ይለወጥ። ተቃዋሚው ደግሞ እውነተኛ ክርክር ይሰጠው። ተቃዋሚውን ሞኝ ያደረገ ደራሲ የራሱን ሐሳብ አላሸነፈለትም፤ ፈተና አስቀረለት እንጂ።

እንዝርት፦
እዚህ ላይ ደግሞ እኔ ለሐዲስ ልቁም። መጽሐፉ በሚያሳየው ዓለም ንግግር ራሱ ድርጊት ነው። ሸንጎ አለ፣ ሽምግልና አለ፣ ማታ ምድጃ ዳር ወግ አለ፤ ሰው ሌላውን እስኪጨርስ ይሰማል። ሐዲስ ከዚህ ልብ ወለድ በፊት በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የሚል የተረት መጽሐፍ አውጥተዋል። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጩ «የመሠረት» ብሎ ይመልሳል፤ በሌላው አካባቢ «የላም በረት» እንደሚባለው። ይህ ደንብ ነው፦ አድማጭ በመልሱ ፈቃድ ይሰጣል፣ ተራኪም ፈቃድ አግኝቶ ያስረዝማል። የካሣ ንግግር ረዘመ የምንለው በፊልም ምልልስ ልክ ስንለካው ነው። 120 ቃል የምትለው ልክ ለታክሲ ወረፋ ይሆናል፤ ለሽማግሌዎች ጉባኤ አይሆንም። መለካት ያለበት ቦታውና አጋጣሚው ለረጅም ንግግር ፈቃድ መስጠት አለመስጠቱ ነው።

ድጓ፦
ይህ ከእኔ ልክ ይሻላል። ቁጥሩን ለከተማ ታሪክ ልተወው።

ነቁጥ፦
ስለ ቋንቋው ልግባ፤ አሠራር ሲባል እሱም ማገር ነው።

ሐዲስ በዚህ መጽሐፍ የጠበቀ ድምፅ ያለውን ፊደል አናቱ ላይ ነጥብ እያደረጉ አመልክተዋል። ልማዱ አልተስፋፋም፤ ችግሩ ግን ዛሬም አለ፤ ልብ ወለድ ላይ ደግሞ ከየትኛውም ጽሑፍ ይበልጥ ይጎዳል። «ወንድሜ ቤት አለ» የሚለውን እዩ። ጠብቆ ሲነበብ ወንድሜ ቤት ውስጥ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ «ቤት» የሚል ቃል ተናገረ። «ዶሮው ይበላል» ደግሞ ወይ ዶሮው እህል እየለቀመ ነው፣ ወይ እኛ ልንበላው ነው። ምልልስ በበዛበት ገጽ ላይ «አለ» በየመስመሩ ስለሚመጣ አንባቢ ይደናቀፋል። መፍትሔው ሦስት ነው፦ ንግግሩን ሁልጊዜ በትእምርተ ጥቅስ መዝጋት፤ «አለ» ከቦታ ስም አጠገብ ሲወድቅ «ሲል መለሰ» ወይም «ብሎ ተነሣ» በሚል መቀየር፤ ሁለት ሰው ብቻ ሲነጋገር «አለ»ን በየአራት አምስት ምላሹ አንዴ ብቻ መጻፍ።

የባለቤቱም ቦታ አለ። «ካሣ፦ '...' አለ» የሚለው አጭር ንግግር ላይ ያምራል። ንግግሩ ሦስት አራት መስመር ከሆነ ግን አንባቢ መጨረሻ ላይ «አለ» ሲደርስ ማን እንደጀመረው ረስቷል፤ ያኔ ከመጀመሪያው አጭር ሐረግ በኋላ «አለ ካሣ» ብሎ ቆርጦ መቀጠል ይሻላል።

ቀጥሎ የአማርኛ ትልቁ ሀብት፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ግስ ነው። ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ነገሩ ይሁን አይሁን አይታወቅም። ይህን ተጠቀሙበት፦ «ደብዳቤውን ተቀበለች፤ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው፤ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ በኩራዝ ብርሃን አወጣችው፤ አላነበበችውም።» ዋናው ነገር የወደቀው በመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው። ይህንኑ «አላነበበችውም፣ ምክንያቱም...» ብሎ የሚጀምር ሰው ቋንቋው በነፃ የሰጠውን ልብ ሰቀላ ይጥለዋል። «ምክንያቱም» ብላችሁ ዓረፍተ ነገር በጀመራችሁ ቁጥር ምክንያቱን ወደ ፊት አምጥታችሁ «...ስለ» አድርጋችሁ ሞክሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል።

የተያያዙ ቦዝ አንቀጾችም («ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ለብሶ») እስከ አራት ድረስ ጥሩ ይፈሳሉ፤ ባለቤቱ አንድ እስከሆነ ድረስ። «አባትየው ሰምቶ፣ እናትየው መክራው፣ ፈርቶ ወጣ» ሲባል ግን ማን ማንን መከረ? ማንስ ፈራ? ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ድርብ ሰረዝ ወይም አራት ነጥብ አድርጉና አዲስ ጀምሩ።

ቀሰም፦
ነቁጥ፣ ያ የማጥበቂያ ነጥብ በኮምፒዩተር ይጻፋል?

ነቁጥ፦
አዎ፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ፊደላትን በሚለዩበት ዓለም አቀፍ ደረጃ) ውስጥ አለ። ሆኖም በብዙ ቅርጸ ፊደሎች ላይ ነጥቡ ከፊደሉ አናት ይንሸራተታል ወይም ባዶ ሳጥን ይሆናል። ለሙሉ መጽሐፍ አይመከርም። የሚያምታታውን ዓረፍተ ነገር እንደገና መጻፍ ይቀላል፤ ነጥቡን ለግጥም አቆዩት።

መቀነት፦
ምልልስ ላይ ከ«አለ» የሚብስ ስሕተት አንተና እርስዎ መምታታቱ ነው። በአማርኛ ሁለት ሰው አፍ በከፈተ ቁጥር ማን ከማን በላይ እንደሆነ ይነገራል። ስለዚህ ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» መሻገር በራሱ ትዕይንት ነው፤ እጅ ከመያዝ በፊት የሚመጣ እጅ መያዝ። ብዙ ረቂቅ ላይ ይህ ሽግግር ሳይታወቅ ያልፋል፦ በምዕራፍ 3 «ይቀመጡ» ያለው ሰው በምዕራፍ 5 ምንም ሳይፈጠር «ተቀመጪ» ይላል።

እንዲህ አድርጉ። 10 ገጸ ባሕርያት ካሉ 45 ጥንድ ይሆናሉ፤ በትክክል የሚነጋገሩት ግን ብዙ ጊዜ ከ20 አይበልጡም። ለእያንዳንዱ ጥንድ በሁለቱም አቅጣጫ ጻፉ፤ ሎሌ ለጌታው እርስዎ ሲል ጌታው አንተ ይላልና። ከጎኑ የሚለወጥበትን ገጽ ጻፉ። ከዚያ ረቂቁን ለአንድ ጥንድ ብቻ ብላችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡ። ግሱን ብቻ ሳይሆን ቅጥያዎቹንም እዩ፤ «ይምጡ» ተብሎ ተስተካክሎ «ቤትህ» የሚቀርበት ብዙ ነው። «አንቱ» የሚባልበት አካባቢና ዕድሜም አለ፤ እሱን ለሽማግሌ ወይም ለካህን ያዙት፣ ለቢሮ ኃላፊ አታድርጉት።

በቁጣ ወቅት የሚመጣውንም አትርሱ። እርስዎ ሲባል የኖረ ሰው ድንገት «አንተ!» ሲባል፣ ጥፊ ሳያስፈልግ ጥፊው አርፏል።

ጥለት፦
በዚህ ላይ የሰውነት እንቅስቃሴ ይጨመርበት። ከትርጉም መጻሕፍትና ከፊልም የተወረሰ «ትከሻውን ሰበቀ»፣ «ዓይኖቿን አሽከረከረች» የሚል በየገጹ አለ። የእኛ ሰው ምን ያደርጋል? መስማማቱን ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ ይናገራል። ያዘነች ሴት ጉንጯን በመዳፏ ትደግፋለች። ነጠላ ብቻውን ስንት ይናገራል፦ ለቤተ ክርስቲያን የሚጣፋው ሌላ፣ ለሐዘን ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ የሚዘቀዘቀው ሌላ። ገና ሞት ባልተነገረበት ምዕራፍ አንዲት እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከበር ብትገባ አንባቢ ከሁሉ ቀድሞ ያውቃል። አንድም ቃል አላወጣችም።

ማዕዘን፦
ለንጽጽር የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ላንሣ (1975 ዓ.ም.)። ሐዲስ ሁሉን አወቅ ተራኪ ይዘው ከአንዱ ልብ ወደ ሌላው ይገባሉ። በዓሉ ግን ታሪኩን ለአንድ ሰው አፍ ሰጠ፤ ለጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም፣ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ ላይ። «እኔ» ብሎ የሚተርክ ሰው ያላየውን መናገር አይችልም። የተራኪው ሙያ ይህን ፈታው፦ ጋዜጠኛ ስለሆነ ከባለ ሥልጣን ጋር ይቀመጣል፣ ተራ ሰው ያናግራል፣ የተዘጋ ክፍል ይገባል፣ መጠየቅ ሥራው ነው። በ«እኔ» የምትጽፉ ከሆነ መጀመሪያ የተራኪውን ሥራ ምረጡ፤ የትኛውን በር ያለ ምክንያት ማንኳኳት እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነው።

ሁሉን አወቅ ተራኪ የሚመርጥ ደግሞ በአንድ ትዕይንት ከአንድ ልብ በላይ አይግባ፤ ሐዲስ የፈለጉበት ቦታ ይገባሉ፣ ግን ድምፃቸው እንደ ተረት አባት የጸና ስለሆነ ነው የሚያምርላቸው።

ብራና፦
ብዙ አገኘሁ። አንድ የቀረኝ፦ ረቂቅ ካለቀ በኋላ ይህ ሁሉ በምን ቅደም ተከተል ይታረማል?

ዋሸራ፦
ከትልቁ ወደ ትንሹ። መጀመሪያ ደንብና ዕዳ፤ እዚያ የሚቆረጥ ምዕራፍ ላይ ነጠላ ሰረዝ ማረም ጊዜ ማባከን ነው። ቀጥሎ ድንገቴና ንግር፣ ከዚያ የመቀነት የጥንድ ሰንጠረዥ። «አለ»ና ቦዝ አንቀጽ መጨረሻ።

ነቁጥ፦
ከሁሉም በኋላ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብዙ ሰው ያወቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ረጃጅም ሆነው ሳለ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ስላላቸው በአፍ ይነበባሉ። በቀን ከ15 ገጽ አትበልጡ፤ ከዚያ በኋላ ጆሮ ይደክማል፣ ስሕተቱን ያልፈዋል። ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ በእርሳስ ጭረት አድርጉ፤ እዚያው ለማረም አትቁሙ፣ ዜማው ይጠፋባችኋል። ምልልስ ላይ ስትደርሱ የተናጋሪዎቹን ስም በወረቀት ሸፍናችሁ ለሌላ ሰው አንብቡለት። ከ10 ንግግር ሰባቱን ማን እንደተናገረው ካላወቀ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ በአንድ አፍ እየተናገሩ ነው፤ ያኔ ለእያንዳንዱ የሚደጋግመው አንድ ቃል፣ የማይጠራው አንድ ነገር ስጡት።

ጥለት፦
የማይጠራው የሚለው ይሰመርበት። ባሏን በስሙ የማትጠራ የድሮ ሚስት «እሳቸው» እያለች 300 ገጽ ከሄደች በኋላ በመቃብሩ ፊት ስሙን አንዴ ብትጠራው ሌላ መስመር አያስፈልግም።